ሺንዞ አቤን የወደደው የትኛው ዓለም ነው?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ ጃፓኑ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ሺንዞ አቤ ነው፤ ዓለም የወደደው መሪ ነበር ይባላል።

«በዓለም ተወዳጅ መሪዎች» የሚል ደረጃ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። ማንን ጠይቀው ነው? አቤ ጁላይ 8 ቀን 2022 ናራ ከተማ ውስጥ ቅስቀሳ ላይ እያለ በጥይት ሲገደል ሕንድ በማግስቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጀች። ብራዚል ደግሞ ሦስት ቀን። ታይዋን ሰንደቅ ዓላማዋን ዝቅ አድርጋ ሰቀለች። ሐዘናቸው የእውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ሕንድ ከሙምባይ እስከ አሕመዳባድ ለሚዘረጋው ፈጣን ባቡር በ0.1 በመቶ ወለድ በ50 ዓመት የሚከፈል ብድር ያገኘችው በእሱ ዘመን ነው፤ ታይዋን ደግሞ ቻይና ብትነካት ጉዳዩ የጃፓንም ነው ብሎ በአደባባይ የተናገረላት ሰው ነው።

አገሩ ውስጥ ግን፣ መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ ብሔራዊ ቀብር ላድርግለት ሲል፣ በአብዛኞቹ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ተቃዋሚው በለጠ። ሴፕቴምበር 27 ቶኪዮ ላይ የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞዲና ያኔ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረችው ካማላ ሃሪስ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው፣ ውጭ አበባ የያዘ ሕዝብ ረጅም ሰልፍ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፣ በዚያው ሰዓት ፓርላማው አጠገብ ሌላው ሕዝብ ቀብሩን እየተቃወመ ይጮኻል።

ለምን? ፓርቲው ዩኒፊኬሽን ቤተ ክርስቲያን ከሚባለው፣ ከአባላቱ ብዙ ገንዘብ ይሰበስባል ተብሎ ከሚወቀሰው የሃይማኖት ድርጅት ጋር የነበረው ቅርበት ከግድያው በኋላ ስለወጣ አንዱ እሱ ነው። እኔን ግን የሚያመኝ የኦሳካው መሬት ጉዳይ ነው። ወደ 956 ሚሊዮን የን የተገመተ የመንግሥት መሬት ለአንድ ትምህርት ቤት ባለቤት በ134 ሚሊዮን ተሸጠ፣ የአቤ ባለቤት ደግሞ የዚያ ትምህርት ቤት የክብር ርእሰ መምህር ልትሆን ታስባ ነበር። አቤ እጄ የለበትም አለ። የገንዘብ ሚኒስቴር ግን ሰነዶቹን እንደቀየረ በ2018 አመነ። ቀይር የተባለው ሠራተኛ ራሱን አጠፋ። ሚስቱ እውነቱ ይውጣ ብላ መንግሥትን ከሰሰች። ይህቺ ሴት በየትኛው የዓለም ደረጃ ውስጥ ተቆጠረች?

እኛም ጋ መጥቷል። ጃንዋሪ 2014 አዲስ አበባ፣ ቻይና አሠርታ በሰጠችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ንግግር አደረገ። በዚያው ሰሞን፣ እዚያው አዲስ አበባ፣ በኅብረቱ የቻይና አምባሳደር ጋዜጠኞች ሰብስበው የጦርነት ዘመን ፎቶ እያሳዩ ሰውየውን የእስያ በጥባጭ አሉት፤ ከሳምንታት በፊት የጦር ወንጀለኞችም ወደሚታሰቡበት ወደ ያሱኩኒ መቅደስ ሄዶ ነበርና። በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ስለ እሱ የሚባለው ይህን ያህል ከተራራቀ የዓለም ድምር የሚባለውን በምን አምናለሁ?

በ2012 ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ከመያዙ በፊት በነበሩት ዓመታት ጃፓን በየዓመቱ ገደማ ጠቅላይ ሚኒስትር ትቀያይር ነበር፣ ያንን ማብቃቱ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክደውም። ግን ስለ መሪ ስንጠየቅ መጀመሪያ ግብሩን የከፈለው ሕዝብ ይናገር እላለሁ። ጃፓን የምትኖሩ አድማጮች ካላችሁ፣ ጎረቤቶቻችሁና የሥራ ባልደረቦቻችሁ ስለ አቤ ምን እንደሚሉ በድምፅም በጽሑፍም ላኩልኝ። በሚቀጥለው አሰማለሁ።