የምትገዙት ባትሪውን ነው፦ ስለ ትንሿ ሳንደር

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ወሬዬ ስለ ትንሿ ባለ ባትሪ ሳንደር ነው። አዎ፣ እንጨት ስለምታለሰልሰው ማሽን። ሰውየው ምን ነካው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል፤ ምንም አልነካኝም። ሜሪላንድ አፓርታማ ውስጥ እየኖረ በረንዳው ላይ እንጨት የሚፈትግ ሰው፣ መንገድ ላይ መኪና ሲነዳም የሚያስበው ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ «ትንሽ ሥራ» የምለውን ልናገር። የቡና ረከቦት አሮጌ ቀለሙን ማንሳት። የተጫጫረ በርጩማ። በሰመር እርጥበት አብጦ አልዘጋም ያለ የቁም ሳጥን በር። ለወለል ወይም ለትልቅ የምግብ ጠረጴዛ የሚሆን ማሽን ሌላ ነው፤ እሱን የሚፈልግ ሰው ባለ ገመዱን ይግዛ፣ ይገላገል።

ራንደም ኦርቢታል የሚባለው ሳንደር ክብ ሰሌዳው ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሠራል። እህል በሰፌድ ስናንገዋልል እንዳለው ሁሉ፣ ሰሌዳው በጣም ትንንሽ ክብ እየሠራ ይዞራል፤ የክቧ ስፋት በብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ናት። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰሌዳው ኩሽኔታው ላይ ልቅ ስለሆነ በራሱም ይሽከረከራል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰሌዳው ላይ በሚለጠፈው ብርጭቆ ወረቀት ላይ ያለችው ቅንጣት በሄደችበት መንገድ መልሳ አትሄድም፤ ጭረቱ ይበታተንና ዓይን አይይዘውም። ሰው ግን ቶሎ ይለቅልኝ ብሎ ከላይ ይጫነዋል። ሲጫኑት መሽከርከሩ ይቆምና ማወዛወዙ ብቻ ይቀራል፤ እንጨቱ ላይ ትንንሽ ጥምዝምዝ ጭረት ይተዋል። ጭረቱ ደረቅ እንጨት ላይ አይታይም። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ነው ቁልጭ ብሎ የሚወጣው፤ ያኔ ደግሞ ሥራው እንደገና ነው። የእጅ ክብደት ይበቃል። ባለ ባትሪ ሲሆን ደግሞ መጫን ቻርጅም ይጨርሳል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሱቅ ውስጥ «ኮምፓክት» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ብዙዎች የሰሌዳውን ስፋት ይመለከታሉ። ሰሌዳውማ በአብዛኛው ያው 125 ሚሊ ሜትር ነው፤ አሜሪካኖቹ አምስት ኢንች የሚሉት። ልዩነቱ ቁመቱ ላይና ባትሪው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ነው። የረከቦቴ ጠርዝ ስፋቱ አራት ጣት ቢሆን ነው። ሰሌዳው እሱ ላይ ሲያርፍ ግማሹ አየር ላይ ነው። በዚህ ላይ ማሽኑ ቁመተ ረጅም ከሆነ፣ ከኋላው ትልቅ ባትሪ ከተንጠለጠለበት፣ ወደ ባትሪው ማዘንበል ይጀምራል፤ እናንተ ሳታዩት ጠርዙን ይበላዋል። ቀጥ ያለው ጠርዝ ይድቦለቦላል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ባትሪውን አስገብታችሁ ያዙት። ያለ ባትሪ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ማሽን ሁሉ ቀላል ነው። መዳፋችሁን አናቱ ላይ አድርጉ፣ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ግማሹን አውጡት። ማሽኑ ወደ አንድ በኩል ከጎተታችሁ ለትንሽ ሥራ አይሆናችሁም፤ የሞተሩ ብርታት ምንም ቢሆን።

ቮልቱ ላይ ደግሞ ሻጮቹ የሚጫወቱባት ጨዋታ አለች። አንዱ ካርቶን ላይ «20 ቮልት ማክስ» ይላል፣ ሌላው ላይ «18 ቮልት»። የሁለቱም ባትሪ ውስጥ ያለው በተከታታይ የተያያዘ አምስት የሊቲየም ሴል ነው። አንዱ ሴል ሙሉ ቻርጅ ሲሆን 4 ቮልት ገደማ፣ ሥራ ላይ በአማካይ 3.6። አምስት ጊዜ 4፣ 20። አምስት ጊዜ 3.6፣ 18። በቃ፣ ይኸው ነው ምስጢሩ። «12 ቮልት ማክስ» የሚባሉት ደግሞ ባለ ሦስት ሴል ናቸው፤ በሌላው አቆጣጠር 10.8 ማለት ነው። እነሱ ቀለል ይላሉ፤ ለበርጩማና ለረከቦት ይበቃሉ።

የባትሪውን አቅም ለማወቅ ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ (ባትሪው ላይ Ah ተብሎ በሚጻፈው) አባዙት። 18 ቮልት በ2 አምፔር-ሰዓት 36 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በ5 ሲሆን 90። ሞተሩ 100 ዋት ይስባል ብንል፣ ትንሹ ባትሪ ከ20 ደቂቃ ትንሽ ከፍ ያለ ያሠራል፤ ትልቁ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ሳንደር እንደ ድሪል ቆም እያለ የሚሠራ ማሽን አይደለም፤ ከተነሳ አያርፍም፣ ባትሪ ይበላል። እኔ ግን ሁለት ትንንሽ ባትሪ ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱ ሲሠራ ሌላው ቻርጅ ይሆናል፣ ማሽኑም አያዘነብልም።

ርዕሱ ላይ «የምትገዙት ባትሪውን ነው» ያልኩትም ለዚህ ነው። የአንዱ ኩባንያ ባትሪ ለሌላው አይገባም። ቤታችሁ የማኪታ ድሪል ካለ የማኪታ ሳንደር ግዙ፤ ዲዋልት ካለ የዲዋልት። ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ለብቻው የሚሸጠው ማሽን ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ከፍጥነት አንጻር ብዙም አትጨነቁ፤ የማኪታው ባለ 18 ቮልት ዲቢኦ 180 በደቂቃ 7,000፣ 9,500 እና 11,000 ዙር የሚሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፣ የዲዋልቱ ዲሲደብልዩ 210 ከ8,000 እስከ 12,000 እያስተካከሉት ይሄዳል። በረከቦት ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ እጅ ካለ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

እዚህ ድረስ ያወራሁት ለራሴ ነው። ነገሩን ያወሳሰበብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ አናጢ ነው፤ የኪችን ካቢኔት ይሠራል፣ ኮንዶሚኒየም እየዞረ ይገጥማል። ደውሎ «ጋሼ፣ ትንሽዬዋን ሳንደር ላክልኝ፣ ባለ ባትሪዋን። የምገጥምበት ቤት ቆጣሪ እንኳን ገና አልገባለትም» አለኝ። ልጁ ልክ ነው። እኔ በረንዳዬ ላይ ሶኬት ስለሌለ ነው ባለ ባትሪ የምፈልገው፤ እሱ ግን ሥራው ራሱ ያለሱ አይሄድም።

ታዲያ እዚህ የሚገዛ ዕቃ እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሞተው ቻርጀሩ ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ 220። ማሽኑ ከግድግዳው ጋር ጉዳይ የለውም፤ የሚያውቀው ባትሪውን ብቻ ነው። ቻርጀሩን ግን ገልብጡትና «ኢንፑት» የሚለውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ካለ ጥሩ። 120 ብቻ ካለ እዚያ ሶኬት ላይ በተሰካበት ቅጽበት አለቀለት። እዚህ የሚሸጡት ብዙዎቹ ደግሞ 120 ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአክስቴን ልጅ መጀመሪያ የጠየቅኩት «አሁን በእጅህ ያለው ባለ ባትሪ ድሪል የየትኛው ኩባንያ ነው?» ብዬ ነው። ማኪታ ነው፣ ቻርጀሩም የ220። ተገላገልን። ሌላ ቢሆን ኖሮ፣ እዚያ በቀላሉ የሚገኘውን ኢንግኮ ወይም ቶታል የሚባል ማርክ እዚያው ግዛ እለው ነበር፤ ባትሪው ሲደክም ምትክ የማይገኝለት ዕቃ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው።

በሚሄድ ሰው ስትልኩ ደግሞ፦ ትርፍ ባትሪ በሻንጣ ውስጥ አይሄድም፣ በእጅ ነው የሚያዘው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በመደበኛው ያልፋል። ከዚያ በላይ እስከ 160 አየር መንገዱ መፍቀድ አለበት። ቅድም ያሰላነው ባለ 5 አምፔር-ሰዓት 90 ነው፣ ያልፋል። ባለ 6ቱ 108 ይሆናል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጭቅጭቅ ነው። የባትሪውን ጫፍ በፕላስተር ሸፍኑለት።

ከዚያ ወረቀቱ መጣ። ለነገሩ እኔና ልጁ የተከራከርነው እዚህ ላይ ነው። ክቡ ሳንደር የሚጠቀመው ከጀርባው የሚለጠፍ፣ አቧራ መሳቢያ ቀዳዳ ያለው ክብ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ባለ አራት ማዕዘኑ ትንሹ ሳንደር ግን የትም ሱቅ የሚገኘውን ሜዳ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚይዘው፤ አራት ቦታ ትቆርጡትና አንዱን ቁራጭ ትገጥሙለታላችሁ። «አንተ ጋ የሚሻለው እሱ ነው፤ ወረቀት ሲያልቅብህ ሰፈር ሱቅ ገብተህ ትገዛለህ» አልኩት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሱማ ጭረት ይተዋል። ዋንዛ ላይ ቫርኒሽ ስቀባ ደንበኛው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው፤ መብራቱን ከጎን አድርጎ።» ምን ልበል? ሥራው የእሱ ነው። ወረቀት ክብደት የለውም፤ የ80፣ የ120፣ የ180 እና የ220 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ እየላመ ይሄዳል) እየለየሁ ሻንጣ ጥግ እከታለሁ። ቀዳዳው ከሰሌዳው ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ አቧራው አይወጣም፣ ወረቀቱም ቶሎ ይደፈናል፤ ስለዚህ ባለ ስምንት ቀዳዳውን ነው የያዝኩት። የፊንላንዱ ሚርካ የሚሠራው አብራኔት የሚባል እንደ ወንፊት የሆነ ወረቀት ደግሞ አለ፤ እሱ ቀዳዳ ማጋጠም አያስፈልገውም፣ ብቻ ዋጋው ይወደዳል።

አቧራ ካልኩ አይቀር። ትንሿ ከረጢት ሁሉንም አትይዝም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኤም ዲ ኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ከሙጫ ተጨምቆ የሚሠራውን ጣውላ) ለሚቆርጥና ለሚያለሰልስ ሰው ደግሞ ብናኙ ከዱቄት የላመ ነው። ማስክ አድርጉ፤ ሻርፕ መጠምጠም ማስክ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ያለ አሮጌ ቀለም ሊድ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖረው ስለሚችል ሳታስመረምሩ ሳንደር አታስጠጉት፤ በተለይ ልጆች ካሉ።

አንድ ብልሃት ልጨምርና ልሂድ። ከመጀመራችሁ በፊት እንጨቱ ላይ በእርሳስ ቀለል ያለ መስመር አስምሩ፣ እዚህም እዚያም። ማሽኑን ቀስ አድርጋችሁ ንዱት። መስመሩ ሁሉ እኩል ሲጠፋ ያ የወረቀት ቁጥር ሥራውን ጨርሷል፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። አንድ ጥግ ላይ የእርሳስ ምልክት ከቀረ እጃችሁ ዘሎታል ማለት ነው። የረከቦቱ እግሮች መሃል ያለው ጥግ ላይ ክብ ማሽን አይገባም። እዚያ ወረቀቱን አጥፋችሁ በጣት ነው።

የአክስቴ ልጅ ትናንት መልእክት ልኮ «ክቧን ነው፣ ቻርጀር እንዳትገዛ» ብሎኛል። ማሽኑን ገዝቼዋለሁ፤ የሚሄድ ሰው እየፈለግኩ ነው።