ክረምቱ ወጣ፤ ጓሮው ከየት ይጀመር?

(ምስል፦ ለገጣፎ አቅራቢያ ያለ ግቢ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ከአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል።)

እንኳን አደረሳችሁ። ዕንቁጣጣሽ አለፈ፣ ዝናቡም መሳሳት ጀምሯል። ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታ ወይም በአቃቂ በኩል የምትኖሩ ሰዎች በዚህ ሰሞን ጓሯችሁ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ቆስጣው አበባ አውጥቶ ወደ ላይ ተመዟል። የጽጌረዳው ቅጠል ጠቃቁሯል። ጭቃው ጫማ ይዞ አይለቅም።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ችግኝ ጣቢያ ነው። እኔ ግን አንድ ሳምንት፣ ካስፈለገም ሁለት ሳምንት ታገሡ እላለሁ። በመስከረም ትልቁ ሀብታችሁ መሬት ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ነው። ከማረም እስከ መትከል ያለው የዚህ ወር ሥራ ሁሉ የተረፈው ውሃ እንዲወጣ፣ የሚጠቅመው እንዲቀር የሚደረግ ሥራ ነው። ከእሱ በፊት የተተከለ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ቆሞ ይቀራል።

(ምስል፦ እጅ እርጥብ ጥቁር አፈር ሲጨብጥ፣ በቅርብ።)

ክረምቱ አፈሩን ምን እንዳደረገው እንይ። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ሐምሌ ላይ መሬቱ ጠጥቶ ይጠግባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውሃ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን አሟሙቶ ሥር ወደማይደርስበት ጥልቀት ይዞት ይወርዳል። የጎመናችሁ የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ውሃው አየሩንም ያስወጣል። ሥር ደግሞ ይተነፍሳል፤ አየር ካጣ ይታፈንና ይበሰብሳል።

ይህ የሚብሰው ዋልካ ላይ ነው። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ሜዳ፣ በሱሉልታም ዝቅ ባለው ቦታ የምታዩት ጥቁር አፈር ዋልካ ነው፤ መረሬ የሚሉትም አሉ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጥር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ስንጥቁ ሥሩን ይበጥሳል፣ ከታች ያለውንም እርጥበት ለነፋስ ያጋልጠዋል። ዋልካ ላይ ቤት የሠራ ሰው ይህን ጠባዩን ከግድግዳው ያውቀዋል። በእንጦጦ ግርጌና በቡራዩ በኩል ያለው ቀይ አፈር ግን ውሃን በደንብ ያሳልፋል። የእሱ ችግር አሲዳማነቱ ነው።

ስለዚህ ዶማ ከማንሣታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ እፍኝ አፈር አውጡና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ በአውራ ጣት ነካ አድርጉት። ከተፈረካከሰ ሥራ ጀምሩ። እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ገና ነው፤ ከሦስት ወይም ከአራት ቀን በኋላ ደግማችሁ ሞክሩ። እርጥብ ዋልካ ከተቆፈረ ሲደርቅ ድንጋይ የሚያህል ጓል ይሆናል። ያንን ጓል ዓመቱን ሙሉ ስትፈነክቱት ትኖራላችሁ። በዚህ ጊዜ መደቡን መርገጥም ጉዳት አለው። መሻገር ግድ ከሆነ ሳንቃ ዘርጉበት።

(ምስል፦ በአካፋ ቦይ ሲከፈት።)

አፈሩ እስኪጠነፍፍ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የለም። ውሃ የሚተኛበትን ቦታ እዩ። አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይ ወጥቶም ኩሬው ካልደረቀ እዚያ ቦይ ያስፈልጋል። ሃያ፣ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። ወደ ዝቅተኛው ቦታ አውርዱት፤ የጎረቤት አጥር ሥር ግን እንዳይለቀቅ ተጠንቀቁ። ከቦይ የወጣውን አፈር መደቡ ላይ ከምሩት። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ዋልካቸውን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፋፊ ከፍ ያለ መደብ ይሠራሉ። ስንዴያቸው ውሃ ላይ እንዳይቆም የሚያደርጉት በዚህ መንገድ ነው። ለእኛ ጓሮ ደግሞ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ሃያ ሳንቲ ሜትር የሆነ መደብ ጥሩ ነው። ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሉ ድረስ ይደርሳል፣ እግር ሳይገባበት ይሠራበታል።

አረሙንም አሁኑኑ ንቀሉ። አፈሩ ርጥበት ስላለው ሥሩ እሺ ብሎ ይወጣል፤ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከላይ ተቆርጦ በእጃችሁ ይቀራል። ዘር ያላንጠለጠለውን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ጣሉት። ሰርዶ ግን እዚያ እንዳይገባ። ከሥሩ የተረፈች አንዲት አንጓ እንኳን ተመልሳ ትበቅላለች። ቆርቆሮ ላይ ዘርጉትና ፀሐይ አድርቆ ይጨርሰው።

አደይ አበባውን ተዉት። ሁሉንም ባይሆን አንድ ጥግ ላይ ያለውን ተዉት። አበባው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው፣ ንቦችም ይወዱታል። ዘሩ እስኪረግፍ ከጠበቃችሁት በሚቀጥለው መስከረም ራሱ ይመጣል። ግቢ ለማሳመር ተብሎ ከዘሩ በፊት ሲታጨድ ሳይ በጣም ይቆጨኛል።

ድንች ያላችሁ ሰዎች ግንዱን እዩት። ቅጠሉ ጠቁሮ እየረጠበ ከበሰበሰ በክረምት የሚመጣው የድንች ዋግ መትቶታል። ግንዱን አጭዳችሁ ከግቢ አውጡ። ድንቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆፍራችሁ ብሉት፣ ለዘር ግን አታስቀምጡት። ሆለታ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠ የተባሉ ለደጋ የሚሆኑ ዝርያዎችን አውጥቷል። ለሚቀጥለው ክረምት ዘር ስትፈልጉ በስማቸው ጠይቁ።

(ምስል፦ የበሰለ ፍግ በጆንያ፤ አጠገቡ የቡና አተላና የእንቁላል ቅርፊት።)

አሁን ወደ አፈሩ ምግብ እንምጣ። አዲስ ሰፈር ውስጥ ቤት የሠራችሁ ከሆነ መጀመሪያ መሬታችሁ ላይ ያለው በእርግጥ አፈር መሆኑን እዩ። ብዙ ግቢ በገረጋንቲ ተሞልቶ፣ ከላይ ትንሽ አፈር ተበትኖበት፣ ሲሚንቶና ቁርጥራጭ ብረት ተቀብሮበት ነው የሚገኘው። እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ጎመን ቢቀጭጭ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም። ቢያንስ መደብ በምትሠሩበት ቦታ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ቆሻሻውን ልቀሙ።

«ዋልካ ላይ አሸዋ ጨምሩበት» የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እኔ አልመክርም። አሸዋው በጣም ብዙ ካልሆነ ከዋልካው ጋር ተጣብቆ ይበልጥ ይጠነክራል። ዋልካን የሚያላላው ብስባሽና የበሰለ ፍግ ነው። ለቀይ አፈርም እንደዚያው።

ፍግ ለማግኘት አትቸገሩም። በሱሉልታም በሰበታም የወተት ላም የሚያረቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሲያመጡላችሁ ግን አሽትቱት። የአሞኒያ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ጥሬ ነው፤ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ሸፍናችሁ ቢያንስ ሦስት ወር አቆዩት። ደረቅ አፈር ላይ ዝናብ ሲወርድ የሚሸተውን ሽታ ከሰጣችሁ በስሏል። ሦስት ወይም አራት ሳንቲ ሜትር ውፍረት መደቡ ላይ በትኑና ከላይኛው አፈር ጋር አዋህዱት። የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሁሉ ለብስባሽ ጥሩ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል በብዛት ግን አትጨምሩ፣ ቶሎ አይበሰብስም፣ ዘይቱም ቡቃያ ይጎዳል። የከሰል አመድ ካላችሁ ቀይ አፈር ላይ በስሱ በትኑት፤ አሲዱን ይቀንሳል። ዋልካ አያስፈልገውም።

(ምስል፦ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ በመቀስ ሲቆረጥ።)

ጽጌረዳ በመስከረም መጨረሻ ቢገረዝ ጥሩ ነው። የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጡ። የቀረውን ወደ ውጭ ከሚያይ እምቡጥ በላይ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። መቀሱን በአልኮል ጥረጉ። የረገፈውን ነጠብጣባም ቅጠል ሰብስባችሁ አስወግዱ፤ በሽታው የሚያድረው እዚያ ላይ ነው። የጥብስ ቅጠልን ጫፍ ጫፉን ብቻ ከርክሙ። ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም። ኮክና ፕሪም ይቆዩ። የእነሱ መግረዣ ቅጠላቸውን አራግፈው የሚያርፉበት የብርዱ ጊዜ ነው።

ችግኝ ጣቢያ የምትሄዱት አሁን ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ሁለት ነገር አስቡ፣ ፀሐይና ውርጭ።

ከመስከረም በኋላ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ከቤታችሁ በስተሰሜን ያለው መደብ አብዛኛውን ቀን ጥላ ውስጥ ይውላል። አሁን ፀሐይ ስለሚያገኝ አትታለሉ። በስተደቡብ ያለው ግድግዳ ግን ቀን ፀሐይ ጠጥቶ ሌሊት ሙቀት ይመልሳል። ቲማቲምና ቃሪያ የምትሞክሩ ከሆነ ቦታቸው እዚያ ነው።

ውርጭ ደግሞ ሜዳ ይወዳል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከተራራው ወርዶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል። የሱሉልታ ሜዳ ላይ የተተከለ ቲማቲም አበባ በሚይዝበት ጊዜ ኅዳር ይደርስበታል። እዚያ የሚያዋጣው የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ጥቅል ጎመን ነው። ብርዱን ይችላሉ። አቃቂ ግን ከባሕር ወለል ያለው ከፍታ ከሱሉልታ ያነሰ፣ አየሩም ሞቅ ያለ ስለሆነ ምርጫው ይሰፋል።

አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ላላችሁ ደግሞ አንድ መደብ ሽምብራ እንድትዘሩ እለምናችኋለሁ። ከእናንተ ጀምሮ እስከ ቢሾፍቱ ያሉ ገበሬዎች ዝናቡ ሲወጣ ዋልካቸው ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራሉ። ከዚያ በኋላ ዝናብ አይጠብቁም። ተክሉ የሚያድገው መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ነው። ከሥሩ ጋር የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ከአየር ናይትሮጅን ወስደው ለተክሉ ይሰጣሉ። ስታጭዱ ሥሩን መሬት ውስጥ ተዉት። የውሃ ክፍያ ሳትጨምሩ እሸት በላችሁ ማለት ነው።

የጎመን ችግኝ ስትመርጡ ረጅሙን አትምረጡ። አጭርና ወፍራም ግንድ ያለውን፣ አራት ወይም አምስት ቅጠል ያወጣውን ውሰዱ። ፀሐይ በረድ ሲል አመሻሽ ላይ ትከሉ። በመካከላቸው ከሠላሳ እስከ አርባ ሳንቲ ሜትር ይኑር። ካሮት ግን ችግኝ አይደረግለትም፣ ዘሩ በቀጥታ መደቡ ላይ ይዘራል። ጓልና ጥሬ ፍግ ካገኘው ሥሩ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል።

(ምስል፦ ጭድ መደብ ላይ ሲነጠፍ።)

ከተከላችሁ በኋላ አፈሩን ራቁቱን አትተዉት። ጭድ ወይም ያጨዳችሁትን ደረቅ ሣር አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አንጥፉበት፤ ከችግኙ ግንድ ትንሽ ራቅ ይበል። ዋልካ ላይ ይህ ልብስ በጥር ወር የሚመጣውን ስንጥቅ ያስቀርላችኋል። ክረምቱ ያጠራቀመላችሁን ውሃ ፀሐይ እንዳይወስደው የሚያደርግ ከዚህ የቀለለ ዘዴ የለም። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። ዝናቡ ጨርሶ ሳይቆም ሮቶውንም በርሜሉንም ከጣሪያው ሙሉት። ማጠጣት ስትጀምሩ በየቀኑ ከመርጨት በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠዋት ጠዋት አጥልቃችሁ አጠጡ። ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይሄዳል።

ጭዱ ውስጥ ቀንድ አውጣ ሊደበቅ ይችላል። ማታ በባትሪ ልቀሙት። ጎመን ላይ ክሽክሽ (የቅጠሉን ፈሳሽ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት) ከታየ ቅጠሉን ገልብጣችሁ በውሃ ግፊት እጠቡት፣ ካልበቃው ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ርጩ። ነጠብጣብ ያላትን ቀይ ጥንዚዛ አትግደሉ፤ ክሽክሹን ትበላላችኋለች። ገበያ ላይ ስም ሳይጻፍበት በላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት ግን እባካችሁ ለልጆቻችሁ በምታበሉት ጎመን ላይ አትርጩ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚበላ የሚነግራችሁ ጽሑፍ የለውም።

(ምስል፦ ጥርት ያለ የምሽት ሰማይ፤ በጆንያ የተሸፈነ መደብ።)

ኅዳር ሲገባ ሰማዩን አመሻሽ ላይ እዩት። ደመና ከሌለ፣ ነፋስም ከቆመ፣ ያ ሌሊት የውርጭ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈሩን አጠጡ። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ከደረቅ አፈር ይበልጥ ይይዛል። ከዚያ እንጨት ተክላችሁ ቅጠሉን እንዳይነካ አድርጋችሁ አሮጌ አንሶላ ወይም ጆንያ ዘርጉበት። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጡት። ቅጠሉ ውርጭ ነክቶት ከጠቆረም ወዲያው አትቁረጡት። የጠቆረው ቅጠል ለታችኛው ቡቃያ ልብስ ይሆነዋል፤ ብርዱ ካለፈ በኋላ ይቆረጣል።