ከብቶቹ ማታ የት ያድራሉ?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። አንዲት ጊደር ነበረችኝ። አንድ ቀን ያለ እረኛ ለቀቅኳት፤ ማታ አልገባችም። ጠዋት ያገኘሁት ቃጭሏን ነው። ሰው ሁሉ "አንበሳ በላት" አለ። እውነት ነው፣ በላት። ጫካ ያሳደርኳት ግን እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ አንበሳ ሳይሆን ስለ እረኛ ነው።

ከብቱን ቀላቅለን በአንድ መንጋ እናግድ ሲባል አንዳንዶቻችሁ "የኔ ላም ከእሱ በሬ ጋር?" ብላችኋል። ይገባኛል። ግን አስቡት፤ አሥር ቤት አሥር ልጅ ከትምህርት ከሚያስቀር፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጥቂት ጎበዝ እረኞች አይሻሉም? መንጋው አብሮ ሲሄድ የጋጠበት ሣር እስኪያገግም ይተዋል። የዱር እንስሳውም ድርሻውን ያገኛል። ጎሾች የዋሉበትን የሚያውቅ እረኛ ደግሞ ከብቱን ከዚያ ያርቃል፤ የአፍና የእግር በሽታ ከጎሽ ይመጣላ።

ማታ በረት ነው። ተነቃይ ሆኖ ዙሪያውን በሸራ የተጋረደ። አንበሳው ከብቱን አያይም። ከብቱም አንበሳውን ስለማያይ ደንብሮ አጥር ጥሶ አይወጣም። በረቱ ሲነሳ እበቱ እዚያው ይቀራል፤ ሣሩ ሲበቅል ታዩታላችሁ።

ቦትስዋና ውስጥ፣ ኦካቫንጎ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች ከብቶች ቂጥ ላይ ዓይን ሳሉ። ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ዓይን ከተሳለባቸው 683 ከብቶች አንድም እንደ አንበሳ ባለ አድፍጦ አዳኝ አልተበላም። ምንም ካልተቀቡት 835 ግን 15 ተበልተዋል። አንበሳ አድፍጦ አዳኝ ነው፤ የታየ ከመሰለው ይተወዋል። ሆኖም በየመንጋው ያልተቀባ ከብት ስለነበረ፣ ሁሉም ቢቀባ እንዲሁ ይሠራ እንደሆነ ገና አልታየም። ለማንኛውም በቀለም ተማምናችሁ እረኛውን እንዳታሰናብቱ።

መርዝ ነገር እንዳታስቡ። ጥንብ አንሳውንም ውሻችሁንም ነው የሚጨርሰው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። እኛ ማሰሩ ይቅርብን፤ በሌላ መንገድ ይለፍልን እንጂ።

የመጀመሪያው አጀንዳ የእረኞች ደመወዝ ነው። እያንዳንዱ በከብቱ ቁጥር ይክፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ እደግፋለሁ፣ ብዙ ከብት ያላችሁ ደግሞ እንደማትወዱት አውቃለሁ። ጉባኤው ተከፍቷል፤ እጅ እያወጣችሁ።