እርስዎ ያሉት ነው
(በጅማ ከተማ ለተሰበሰቡ የቋንቋ መምህራን፣ የቢሮ ጸሐፊዎችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ቃለ ጉባኤ የምትይዙ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ትናንት ተማሪዎቼ የነበራችሁ የዛሬ መምህራን፤ ያ የማያልቀው የጅማ ክረምት አልፎ በደኅና ስላገናኘን ፈጣሪ ይመስገን። አዘጋጆቹ «አንድ ቃል እንዲናገሩልን» ብለው ሲጠሩኝ፣ ያሉትን እንዳሉት ተቀብዬ በእርግጥም አንድ ቃል ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። ቃሉ እንግሊዞች «ክዎት» የሚሉት፣ በልጆቻችን አፍ «ኮት» የሆነው ግስ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የጎረቤቴ ልጅ ስልኩን እየነካካ «ጋሼ፣ ሰውየውን ኮት አደረግሁት» ቢለኝ፣ «ምነው፣ በርዶት ነበር እንዴ?» ብዬዋለሁ።

ግሱ ሲተረጎም የሰውን ቃል፣ የተነገረም ሆነ የተጻፈ፣ እንዳለ መድገም ማለት ነው። ሐሳቡን በራስ አነጋገር ለማቅረብ እንግሊዝኛው ሌላ ግስ አለው፤ ስምን ወይም ጉዳይን ለማንሳት ደግሞ ሌላ። የቃሉ ሥር «ስንት» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን ላቲን መጽሐፍን በምዕራፍ መቁጠር፣ ቁጥር እየሰጡ ምልክት ማድረግ ማለት ነበር። ስለዚህ ከሥሩ ጀምሮ «ይህን ቃል ከየት አመጣኸው? ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?» የሚል ጠያቂ አብሮት አለ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአንድምታ መምህራን ጥቅስ አምጥተው «እንዲል» ሳይሉ አያልፉም፤ ሐዲስ የሚያስተምሩ ሼኮቻችንም እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እያሉ የሰሚዎቹን ሰንሰለት እስከ ተናጋሪው ድረስ ይቆጥራሉ። በኋላ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ግሱ ዋጋ መጥራትንም ጨመረ፤ ዛሬ ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ ወረቀት በእንግሊዝኛ ከዚሁ ግስ የወጣ «ኮቴሽን» የሚል ስም አለው። ቡና ነጋዴዎቻችን ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የፈረሱላውን ዋጋ ከጠራህ በኋላ ሚዛን ላይ ሲወጣ «እኔ እንኳ እንደዚያ ለማለት አልነበረም» ብትል ማን ይሰማሃል?

የእኛው «ጠቀሰ» ግን ሰፊ ቤት ነው። በዓይን ይጠቀሳል፣ ብርዕ ከቀለም ይጠቀሳል፣ ስም ይጠቀሳል፣ ቃልም ይጠቀሳል። ስለዚህ «ዳይሬክተሩን ጠቅሶ ጻፈ» ሲባል፣ ዳይሬክተሩ ያንን ቃል ተናግሯል ወይስ ስሙ ብቻ ተነሥቷል? ከግሱ አታውቁትም። ቋንቋችን ጎደሎ ነው ለማለት አይደለም፤ «ቃል በቃል» የሚል ጥሩ መለያ አለን፣ ትእምርተ ጥቅስም አለን። ነገሬ ከምልክቱ አጠቃቀም ጋር ነው፤ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ።

የዛሬ 14 ዓመት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈስስ ነበር። ሐምሌ ላይ ነው። ከታሪክ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሥር አንድ ሰማያዊ ባልዲ ተቀምጦ፣ ማታ ማታ እየሞላ ጠዋት ጠዋት እናፈስሰው ነበር። በመምህራን ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «ጣሪያው እስኪጠገን ድረስ መጻሕፍቱ ከዚህ ክፍል ይውጡና በቤተ ሙከራው ይቀመጡ» አልሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ሻይ ጠጥተን ተበተንን። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ግን «መጻሕፍቱ ይውጡ» የሚል ነበር፤ በትእምርተ ጥቅስ፣ ከጎኑም የእኔ ስም። በሚቀጥለው ስብሰባ እኔ ታምሜ ቀርቼ ነበርና፣ ያው ቃለ ጉባኤ ተነብቦ፣ መጻሕፍቱ ከአገልግሎት ውጪ እንዲሆኑ ተወሰነ፤ በኪሎ ተመዝነው ተሸጡ።

ይህን ያወቅሁት ሂርማታ ገበያ ነው። ኮረሪማ ገዝቼ ሴትዮዋ ጠቅልላ የሰጠችኝን ወረቀት ቤት ገብቼ ስፈታው፣ ግማሽ የአፍሪካ ካርታ ነበረበት፤ ጥግ ላይ የቤተ መጻሕፍታችን ክብ ማኅተም በሐምራዊ ቀለም በደንብ ይነበባል። በማግስቱ ቢሮ ሄጄ ብጮህ፣ የተረጋጋ ሰው ዶሴውን ገልጦ ጣቱን በመስመሩ ላይ አሳረፈና «መምህር፣ እርስዎ ያሉት እኮ ነው» አለኝ። እኔም አነበብሁት። እውነት ነው፤ ሁለቱም ቃላት የእኔ ናቸው!

ወገኖቼ፣ እኔን ያቃጠለኝ ያላልሁት ቃል ተጽፎብኝ አይደለም። ያላልሁት ቢሆን ኖሮ «አላልሁም» ብዬ እከራከር ነበር። ያልሁት ተቆርጦ ሲቀርብ ግን በምን አፌ ልከራከር? እንግሊዝኛው ለዚህ ሕግ አለው፤ ከመሐል ቃል ያወጣ ሰው ሦስት ነጠብጣብ ያኖራል፣ አንባቢም እዚህ ጋ የጎደለ ነገር እንዳለ ያውቃል። ሦስት ነጠብጣብ! ይህን ያህል ቀለም ቢወጣ ኖሮ አንድ ክፍል ሙሉ መጻሕፍት ይተርፍ ነበር። ቃሉን ያሳጠርህ ከሆነ ትእምርተ ጥቅሱን አንሣውና «እንዲወጡ ሐሳብ አቀረቡ» በል፤ ያኔ አነጋገሩ የአንተ ነው፣ ተጠያቂውም አንተ ነህ። በሰው ስም፣ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ተደብቆ የራስን ውሳኔ መጻፍ ግን ጽሕፈት አይደለም፤ የሌላን ሰው ፊርማ እንደ መፈረም ነው!

ስለ «አለ» ደግሞ ባጭሩ። አማርኛችን ጥቅስን የሚዘጋው ከመጨረሻው ነው፤ የት እንደ ተከፈተ ጆሮ አይሰማም። «ጎረቤቴ ወንድሜ ታሟል አለኝ» ብላችሁ፣ የታመመው የእኔ ወንድም ነው ወይስ የጎረቤቴ? ሰሚው እንደ ልቡ ይወስደዋል። ኦሮምኛውም በ«ጄዼ» ከኋላ ስለሚዘጋ፣ በሁለቱም ቋንቋ የምንውል የጅማ ሰዎች ችግሩን በሁለት አፍ እናውቀዋለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በንግግር ሲጠቅስ ያንኑ «ክዎት» የሚለውን ግስ ከፊት ጠርቶ ይከፍታል፤ ሲጨርስም «አንክዎት» ብሎ መዝጊያውን ይናገራል። ይህንን እንኮርጅ አልልም፣ ለጆሯችን ይከብዳል። በጽሑፍ ግን መክፈቻውም መዝጊያውም በእጃችን ነው።

ተማሪዎች ስለ ፈተና አጻጻፍ እንድናገር ጠይቃችሁኝ ነበር፤ ጊዜው ስላለቀ በሻይ ሰዓት እንነጋገር። አሁን አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እዚያ ጥግ ላይ የዛሬውን ቃለ ጉባኤ የምትይዢው እኅቴ፣ ስጽፍ የዋልሁትን ይህን ወረቀት ሳልወጣ እሰጥሻለሁ፤ ረቂቁን ከማጽደቃችሁ በፊት አንድ ጊዜ አሳዪኝ። አመሰግናለሁ።