ምግብ ሲዘጋ፦ ለማይግሬን ቶፒራሜት የጀመሩ ሰዎች ምን ይብሉ፣ መቼስ ይብሉ?

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ ገበታ። ከአንድ ጥጉ ብቻ የተቆረሰ እንጀራ፣ ላዩ ላይ የደረቀ ሽሮ፣ አጠገቡ የክኒን ማሸጊያ።]

ማይግሬን እንዳይመላለስ በየቀኑ ከሚወሰዱት መድኃኒቶች አንዱ ቶፒራሜት ነው። መጀመሪያ የወጣው ለሚጥል ሕመም ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ለአዋቂዎች የማይግሬን መከላከያ እንዲሆን ፈቅዶታል። ለዚሁ ሕመም በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን የምግብ ፍላጎትን ከፍቶ ክብደት ሲጨምር፣ ቶፒራሜት ግን በተቃራኒው ምግብ ይዘጋል። በመድኃኒቱ ላይ በተደረጉት ጥናቶች፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም ከወሰዱት ሰዎች 15 በመቶ ያህሉ፣ መድኃኒት የሌለበት ማመሳሰያ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 6 በመቶ ያህሉ የምግብ ፍላጎታቸው መቀነሱን ተናግረዋል።

ብዙ ሰው ይህን እንደ ክሳት ጉዳይ ብቻ ያየዋል፤ እንዲያውም «ደግ አደረገኝ፣ ትንሽ ብቀንስ ምን አለበት» የሚል አይጠፋም። ለማይግሬን ታማሚ ግን ዋናው ችግር ሌላ ነው። ምግብ መዝለል ራሱ የማይግሬን ቀስቃሽ ነው። መድኃኒቱ ረኃብን ያጠፋል፣ ረኃብ የማይሰማው ሰው ቁርሱንም ምሳውንም ይዘላል፣ ከሰዓት በኋላ ራሱን ሲያመው ደግሞ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ይደመድማል።

[ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ 4 ሰዓት፣ 7 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል።]

ስለዚህ በነዚህ ሳምንታት የሚበላው ሆድ ሲጠይቅ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። የስልክ ማንቂያ ሞልቶ በቀን አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት መቅመስ፣ ሙሉ ትሪ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከመታገል ይሻላል። ቤተሰብም «ብዪ እንጂ»፣ «ጉርሻ ተቀበል» እያለ ባያስጨንቅ መልካም ነው፤ የተዘጋ ሆድ በግድ አይከፈትም። መድኃኒቱ ከምግብ ጋርም ያለምግብም ሊወሰድ ይችላል፤ ነገር ግን ክኒኑ መራራ በመሆኑ ሳይሰበር ቢዋጥ አፍ ውስጥ ምሬት አያስቀርም።

መብላት ሲያቅት መጠጣት ይቻላል። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የበሶ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ወተት ተበጥብጦ፣ ወይም ቀጠን ያለ አጥሚት፣ ማኘክ ሳይጠይቅ ኃይል ይሰጣል። በጾም ቀን በሶውን በውሃ በጥብጦ የለውዝ ቅቤ ጨምሮ መጠጣት፣ ወይም አቮካዶ መብላት ይቻላል። እርጎና የተቀቀለ እንቁላል የሚመረጡት ፕሮቲን ስላላቸው ብቻ ሳይሆን ሽታቸው ቀላል ስለሆነም ነው፤ የቁሌት ሽታ የሚያቅለሸልሸው ሰው ምግቡን ለብ ሲል ቢበላው ይቀለዋል።

[ምስል፦ አንድ ብርጭቆ አምቦ ውሃ፤ ጋዙ እየፈላ ሲወጣ በቅርበት።]

አምቦ ውሃ ወይም ኮካ ጋዙ እንደወጣ ሆኖ ቢሰማዎት ጥፋቱ የጠርሙሱ አይደለም። ቶፒራሜት ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለውን ኢንዛይም ያዳክማል፤ ምላስም የጋዝን ማቃጠል የሚለየው በዚሁ ኢንዛይም እገዛ ነው። የዚሁ ኢንዛይም መዳከም ለኩላሊት ጠጠርም ስለሚያጋልጥ፣ ሐኪም ፈሳሽ ካልከለከለዎት በስተቀር በቀን ሁለት ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። እንጀራና ዳቦን ጨርሶ በመተው ክብደት የመቀነስ ዘዴንም በዚህ ጊዜ አይሞክሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር የደምን አሲድነት ያባብሳል።

ቡና በባዶ ሆድ ሲጠጣ ያለችውን ጥቂት ፍላጎት ይወስዳታል። ያም ሆኖ በድንገት ማቆም በራሱ ራስ ምታት ስለሚያመጣ፣ የለመዱትን መጠን ሳይለውጡ ምግብ ከቀመሱ በኋላ መጠጣቱ ይበጃል።

በጾም በኩል ችግሩ ሥጋና ወተት መተው ሳይሆን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለምግብና ያለውሃ መቆየቱ ነው። ሁዳዴ ከመግባቱ አስቀድሞ ሐኪምንም የንስሐ አባትንም ማማከር ተገቢ ነው፤ በእስልምናም ሕመምተኛ የረመዳንን ጾም በሌላ ቀን እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል።

[ምስል፦ የቤት ሚዛን፤ አጠገቡ ማስታወሻ ደብተር።]

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ። ከመነሻ ክብደትዎ 5 በመቶ፣ ማለትም 60 ኪሎ የነበረ ሰው 3 ኪሎ ከቀነሰ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ለሐኪሙ ይንገር። ቀድሞ በአመጋገብ መዛባት (ራስን በማስራብ ወይም በልቶ ሆን ብሎ በማስመለስ በሚታይ የአእምሮ ሕመም) ታሞ የነበረ ሰው ግን ገና መድኃኒቱን ሳይጀምር ይህን መናገር አለበት። ምግብ የዘጋትና የሚያስመልሳት ሴት ደግሞ ሁሉንም በመድኃኒቱ ከማመካኘቷ በፊት የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ ቶፒራሜት የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅን ጨምሮ በፅንስ ላይ ጉዳት ያደርሳል፣ መጠኑ ከፍ ሲልም የወሊድ መከላከያ እንክብልን ያዳክማል።

ድንገተኛ የዓይን ሕመም ወይም የእይታ መደብዘዝ፣ ከድካም ጋር የሚመጣ ፈጣን አተነፋፈስ፣ የጎን ውጋት፣ ወይም ከማስመለስ ጋር ግራ መጋባት ከታየ በዚያው ቀን ሕክምና ቦታ መሄድ ግድ ነው።

ከዚህ ውጭ ያለው የምግብ መዘጋት በአብዛኛው በመጠን ማስተካከል ይያዛል። የተለመደው አጀማመር ማታ 25 ሚሊ ግራም ሆኖ በየሳምንቱ 25 እየተጨመረ 100 መድረስ ነው፤ ሐኪሙ ግን ጭማሪውን በየሁለት ሳምንቱ ሊያደርገው ወይም አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ካልሆነም ወደ አሚትሪፕቲሊን ወይም፣ አስም ለሌለበት ሰው፣ ወደ ፕሮፕራኖሎል መቀየር አለ። በራስ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ ግን አይገባም። መድኃኒቱ መጥቀም አለመጥቀሙ የሚለየው ተገቢው መጠን ላይ ከተደረሰ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ስለሆነ፣ በደብተርዎ ላይ ራስዎን ካመመዎት ቀን ጎን ያን ዕለት የዘለሉትን ምግብም ይጻፉ፤ ሐኪሙ የመድኃኒቱን ድክመት ከባዶ ሆድ ራስ ምታት የሚለየው በዚህ ነው።