የመኪና ብድር ወይስ ብስክሌት? ከመፈረማችሁ በፊት አብረን እናስላ

(ምስል፦ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል። ከገርጂ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ። መኪኖች ተደርድረው ቆመዋል። በዳር አንድ ብስክሌተኛ ቀስ ብሎ ያልፋቸዋል።)

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ?

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወረቀት ይዞ መጣ። ከባንክ የተሰጠው የመኪና ብድር ዝርዝር ነው። «አንተ ስላለፍክበት እስቲ እየው። ልፈርም?» አለኝ። ቤቱ ገርጂ ነው። ቢሯችን መስቀል አደባባይ አካባቢ። 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህችው አጭር መንገድ በታክሲ ሰልፍና በመንገድ መዘጋጋት አንድ ሰዓት የምትፈጅበት ቀን አለ። ልጁ ሰልችቶታል። እውነቱን ነው።

እኔም ከዓመታት በፊት በብድር መኪና ገዝቼ ዕዳዬን ጨርሻለሁ። መኪናዋ አሁንም አለች። ወደ ሥራ ግን አብዛኛውን ቀን የምሄደው በብስክሌት ነው። ለእሱ ያሰላሁለትን ዛሬ ለእናንተም ላሳያችሁ። ከብድሩ እንጀምር።

ለስሌት እንዲመቸን 1,000,000 ብር ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 5 ዓመት። ባንካችሁ ሌላ ቁጥር ከነገራችሁ እሱን ተኩበት፤ አካሄዱ ያው ነው።

(በስክሪኑ ላይ፦ ወርሃዊ ክፍያ 25,393 ብር። የ5 ዓመት ጠቅላላ ክፍያ 1,523,600 ብር ገደማ።)

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «በወር 25 ሺህ? እችላለሁ» ይልና ይፈርማል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ወር ክፍያ እንበትነው። ከ25,393 ብሩ ውስጥ 15,000 ብሩ ወለድ ነው። ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 10,393 ብር ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፍላችሁ ስትጨርሱ 304,700 ብር ገደማ ከኪሳችሁ ወጥቷል። ዕዳችሁ የቀነሰው ግን በ135,500 ብር ገደማ ነው።

እኔ አንድ ዓመት ከከፈልኩ በኋላ ቀሪ ዕዳዬን ጠይቄ የደነገጥኩት ለዚህ ነበር። ማንም አላታለለኝም። ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ዕዳው ትልቅ ስለሆነ ወለዱም ትልቅ ይሆናል። የወር በወር ክፍያ ሰንጠረዡን ከመፈረሜ በፊት ጠይቄ ማየት ነበረብኝ። እናንተ ጠይቁ። ይሰጧችኋል።

ከዚህ ሰንጠረዥ ሌላም ነገር ይታያል። ቦነስ አገኛችሁ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ከመደበኛው ክፍያ በላይ 100,000 ብር ዋናው ዕዳ ላይ ጣላችሁ። ወርሃዊ ክፍያው ሳይለወጥ ከቀጠላችሁ፣ ብድሩ ከሰባት ወር በላይ ቀድሞ ያልቃል። ወደ 94,000 ብር ወለድም ይቀርላችኋል። ያው ብር በአራተኛው ዓመት ቢገባ ጥቅሙ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ «ቀድሜ ብከፍል ቅጣት አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም ውሉ ላይ በጽሑፍ እዩት።

የመክፈያ ጊዜውንስ ብናሳጥር? ያንኑ ሚሊዮን ብር በ3 ዓመት ብትከፍሉት ወርሃዊው ወደ 36,152 ብር ይወጣል። ይከብዳል። ጠቅላላ ወለዱ ግን ከ523,600 ወደ 301,500 ብር ገደማ ይወርዳል። ረጅም ጊዜ ክፍያውን ቀላል ያስመስለዋል እንጂ ርካሽ አያደርገውም።

አሁን በጣም ልብ እንድትሉት የምፈልገው ነገር መጣ። አንዳንድ አበዳሪዎች ወለዱን የሚያሰሉት በቀሪው ዕዳ ላይ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በሙሉው 1,000,000 ብር ላይ ነው። ግማሹን ከፍላችሁ እንኳ ወለዱ ያልከፈላችሁ ያህል ይቆጠራል።

(በስክሪኑ ላይ፦ 18 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ፦ ወለድ 523,600 ብር ገደማ። 18 በመቶ በሙሉው ብድር ላይ፦ ወለድ 900,000 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያ 31,667 ብር።)

ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ይላሉ። ልዩነታቸው ግን 376,000 ብር ገደማ ነው። የመቶኛውን ቁጥር ብቻ ሰምቶ ማወዳደር አይቻልም። «ወለዱ በምን ላይ ነው የሚሰላው?» ማለት ያስፈልጋል።

ሌላው፣ ባንኩ ወለዱን በመሃል የመቀየር መብት እንዳለው የሚገልጽ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ፈልጉ። ካለ፣ ዛሬ የምትችሉት ክፍያ ከሁለት ዓመት በኋላ ላይቻል ይችላል። ትንሽ መተንፈሻ ትታችሁ ተበደሩ። መኪናው ራሱ መያዣ ሲሆን ደግሞ ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ይጠይቃችኋል። ሦስተኛ ወገን ብቻ አይበቃም። ሊብሬው ላይም ዕዳው እስኪያልቅ እገዳ ይኖራል። ቦሎ፣ ጎማ፣ ሰርቪስ፣ የፓርኪንግ ብር፤ እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። በወሩ ሂሳብ ላይ ደምሯቸው።

ከባንክ ወለድ ውጭ ያሉትንም እንያቸው። ከወለድ ነፃ የሆነው ሙራባሃ አንዱ ነው። ባንኩ መኪናውን ራሱ ይገዛና ትርፉን ጨምሮ ይሸጥላችኋል። እናንተ በየወሩ ትከፍላላችሁ። ጥሩ ጎኑ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይንቀሳቀስም። ሃይማኖታችሁ ምንም ይሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ከመጀመሩም በፊት መደበኛ ባንኮች ይህን አገልግሎት ለብቻው በተለየ መስኮት ይሰጡ ነበር። ግን ትርፉ ስንት እንደሆነ ከወለዱ ስሌት ጎን አስቀምጡት። ስሙ ስለተለየ ብቻ ርካሽ ነው ማለት አይደለም።

ዕቁብ ደግሞ አለ። 20 ሰው በወር 25,000 ብር ቢጥል፣ ዕጣው 500,000 ብር ነው። ወለድ የለም። ቅጽ የለም። ቀድሞ የሚወስድ ሰው ዋስ ይጠራል፣ ዳኛው ይይዘዋል፣ አለቀ። ዋናው ችግሩ ጊዜ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰው የሚወስደው 500,000 ብር መጀመሪያ ላይ ከወጣው ጋር እኩል አይገዛም። ለዚህ ነው ሰው ተቸግሮ ዕጣ ሲገዛና ሲሸጥ የምናየው። መሥሪያ ቤታችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበር ካለው እሱንም አትለፉት። ብድሩ ለሙሉ መኪና ባይበቃ ለቅድመ ክፍያ ማሟያ ይሆናል።

«ብር ስታጠራቅም የመኪናው ዋጋ ይሄድብሃል» የሚል ሰው አለ። ስህተት አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል። በእኛ አገር መኪና አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሌላው ዓለም በየዓመቱ ዋጋው እየወደቀ አይሄድም። ስለዚህ መጠበቅም የራሱ ዋጋ አለው። ወደዚህ ስሌት እመለሳለሁ።

(ምስል፦ በኮሪደር ልማት የተሠራ የብስክሌት መስመር። ከጎኑ ሚኒባስ ታክሲ ይቆማል፣ በሩ ይከፈታል።)

አሁን ወደ ብስክሌቱ። 6 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ13 ኪሎ ሜትር ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ 28 ደቂቃ ገደማ ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ መንገዱ ሲዘጋም ያው 28 ደቂቃ ነው። እኔን የማረከኝ ይህ ነው። ስብሰባ ያለኝ ቀን ስንት ሰዓት እንደምደርስ አውቃለሁ።

ባልደረባዬ ወዲያው ያነሳው ግን ፍርሃቱን ነበር። «በእነዚያ መኪኖች መሃል?» አለኝ። ልክ ነው። እኔም መጀመሪያ ላይ ልቤ ይመታ ነበር። ስለዚህ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ከሁሉ በፊት የሚኒባስ ታክሲን ጠባይ እወቁ። እኛ አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። የታክሲው ተንሸራታች በር ያለውም በቀኝ ነው። ብስክሌተኛው የሚሄደውም በዚያው በኩል ነው። «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ታክሲው ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው። ፍሬቻ አትጠብቁ። ፍጥነት የቀነሰ ሚኒባስን በቀኙ በኩል ፈጽሞ አትለፉ። ከኋላው ቆዩ። ሰው ይውረድ፣ ረዳቱ በሩን ይዝጋ፣ ከዚያ ሂዱ። የምታጡት ሃያ ሴኮንድ ነው።

የቆሙ መኪኖችን ስታልፉ ቢያንስ አንድ ሜትር ራቁ። በር በድንገት ይከፈታል። መኪና የምትነዱ ደግሞ አንድ ልማድ ልለምናችሁ። ከመኪና ስትወርዱ በሩን በግራ እጃችሁ ሳይሆን በቀኝ እጃችሁ ክፈቱት። ሰውነታችሁ በግድ ይዞራል፣ ዓይናችሁም ከኋላ የሚመጣውን ያያል። እኔ ብስክሌት ከጀመርኩ ወዲህ መኪናዬን የምከፍተው እንደዚህ ነው።

ሲኖትራክ ወይም አውቶቡስ መብራት ላይ ቆሞ ካያችሁ በቀኙ አትጠጉ። ሾፌሩ ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ አጠገቡ ያለውን አያይም። ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የኋላ ጎማው ጥጉን ጠቦ ነው የሚያልፈው። አደባባይ ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ዳር ዳሩን አትለጠፉ። ከመስመሩ መሃል ሁኑ። ክላክስ ይነፋባችሁ ይሆናል። የነፋ ሾፌር አይቷችኋል ማለት ነው። የሚያሰጋው ያላያችሁ ነው።

በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ብዙ ነገር አቅልለዋል። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን መስመሩ የሚያልቅበትን ቦታ አጥኑ። ድንገት ከተለየ መንገድ ወጥታችሁ ከመኪኖች ጋር የምትቀላቀሉት እዚያ ነው። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ኋላ ዞራችሁ እዩ፣ እጃችሁን ዘርጉና ምልክት ስጡ።

ለሾፌሮች ደግሞ አንድ ቁጥር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የሚገጨው ከ30ው በእጥፍ ኃይል አይደለም። የያዘው ጉልበት አራት እጥፍ ነው። ብስክሌተኛውን የሚጠብቀው አንድ ሄልሜት ነው። ከኋላው ሆናችሁ አሥር ሴኮንድ ብትታገሡ፣ ሰውዬው ማታ ቤቱ ይገባል።

ዳገቱስ? ይህ እንደ ሰፈሩ ነው። ከገርጂ መስቀል አደባባይ የሚከብድ ነገር የለም። ከሽሮ ሜዳ ወደ ቦሌ ከሆነ ግን ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ማታ ደግሞ ደክሞ የሚወጣ ዳገት። ለዚህ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት አለ። ወይም ማታ ገፍታችሁ መውጣት። እኔ ከባዱ ላይ ወርጄ እገፋለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ውሃ ባጠራቀመ ቦታ አትግቡ፤ ሥሩ የተከፈተ ጉድጓድ ሊኖር ይችላል። ፍሬንም ጎማው ሲረጥብ ዘግይቶ ነው የሚይዘው። ቢሮ አንድ ቅያሬ ሸሚዝ አስቀምጡ። ጠንካራ ሰንሰለት ግዙ።

ሁሉም ሰው ይህን ያድርግ እያልኩ አይደለም። ሁለት ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ወይም እናቱን በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚወስድ ሰው መኪና ያስፈልገዋል። ባልደረባዬ ግን ገና ብቻውን ነው። መንገዱም 6 ኪሎ ሜትር ነው።

እንግዲህ ወደ ስሌቱ እንመለስ።

(በስክሪኑ ላይ፦ ሀ፦ ዛሬ 1,000,000 ብር ብድር በ5 ዓመት። ለ፦ 20 ወር ብስክሌትና ዕቁብ፣ ከዚያ 500,000 ብር ብድር በ3 ዓመት።)

በወር 25,000 ብር መክፈል ይችላል ካልን፣ ያንን ብር ዕቁብ ይጣል። በ20 ወር 500,000 ብር ይይዛል። ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት ደግሞ ቀድሞ ሊገዛ ይችላል፤ ዕቁቡን ግን እስከ መጨረሻው መጣሉ አይቀርም። የቀረውን 500,000 ብር በ3 ዓመት ሲበደር ወርሃዊ ክፍያው 18,076 ብር ነው። ጠቅላላ ወለዱ 150,700 ብር ገደማ። ዛሬ ቢፈርም ግን 523,600 ብር ነበር። ልዩነቱ 373,000 ብር ገደማ ነው።

እንግዲህ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው። የሚፈልገው መኪና በ20 ወር ውስጥ ከ373,000 ብር በላይ ይወደዳል? ከተወደደ ቀድሞ መግዛቱ ይሻለው ነበር። ካልተወደደ በብስክሌት አትርፏል። የ20 ወር ሙሉ ኢንሹራንስና ሰርቪስ ሳይከፍል መቆየቱን ስትደምሩበት ሚዛኑ ወደ ብስክሌቱ ያደላል ብዬ አምናለሁ። ይህንንም ነግሬዋለሁ።

እስካሁን አልፈረመም። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገርጂ እንገናኛለን። የእኔን ሁለተኛ ሳይክል አውሰዋለሁ። መንገዱ ባዶ ሳለ እስከ ቢሮ አብረን እንነዳለን፤ መስመሩ የሚያልቅባቸውን ቦታዎችና ታክሲዎች የሚቆሙባቸውን ፌርማታዎች አሳየዋለሁ። ሰዓቱን እንይዛለን። ማክሰኞ ደግሞ በሥራ ሰዓት እንደግመዋለን። እናንተም በእጃችሁ ያለ የብድር ወረቀት ካለ የብድሩን መጠን፣ ወለዱንና ዓመቱን ጻፉልኝ። ስማችሁንና የባንኩን ስም አትጻፉ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ሦስቱን መርጬ ከነሰንጠረዡ አሰላላችኋለሁ።