ሽቦውን ከባኞው አርቁልኝ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ስልካችንን ያጨናነቀው የባኞ ጉዳይ ነው። የአክሪሊክ ባኞ ላይ የሚይዝ እድፍ እንዴት ይለቃል? መልስ የሰጡን ሆቴልና አፓርታማ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞችን በማሠልጠን የቆዩ ባለሙያ ናቸው። አንዳንዱን ጥያቄ ሳያልቅ ነው መመለስ የሚጀምሩት። ቆጣ ያሉበትን ቦታ አልቆረጥነውም።

ከሰሚት፦ ባኞዬ አክሪሊክ ይሁን ብረት በምን አውቃለሁ?

ፍሪጅሽ ላይ የለጠፍሽውን ማግኔት አምጪና አስጠጊበት። ከያዘ ብረት ነው፣ ላዩ ኢናሜል የተቀባ። ካልያዘ አክሪሊክ ወይም ፋይበርግላስ ነው። በጣት ሲያንኳኩትም ብረቱ ይጮኻል፣ አክሪሊኩ ግን ድምፁ ድፍን ያለ ነው።

ከጀሞ፦ ለዘወትር በምን ልጠበው?

ለብ ያለ ውሃ፣ ጠብታ ላርጎ፣ ለስላሳ ስፖንጅ። ሲያልቅ በጨርቅ ማድረቅ። በቃ።

ከአያት፦ ዙሪያውን ቢጫ መስመር ይይዝብኛል። በቪምና በሽቦ ስፈትገው ይለቃል፤ በሳምንቱ ግን ብሶበት ይመለሳል።

በሽቦ! ይህን ስሰማ ጥርሴን ነው የሚያመኝ። እህቴ፣ አክሪሊክ እኮ ፕላስቲክ ነው። ስስ ሉህ በሙቀት አለስልሰው፣ በባኞ ቅርጽ ስበው፣ ከጀርባው በፋይበርግላስ ያጠነክሩታል። እድፍ የማይዘው ላዩ ልሙጥ ስለሆነ ብቻ ነው። አንቺ ያንን ልሙጥ ገጽ በሽቦ ጫርሽው። ጭረቱ ውስጥ የሳሙናና የገላ ቅባት ገብቶ ይቀመጣል። ለዚህ ነው ብሶበት የሚመለሰው። ዛሬ ማታ የስልክሽን መብራት ከጎን በኩል ዝቅ አድርገሽ አብሪበት። ክብ ክብ የሆነ ቀጭን ጭረት ታያለሽ፤ እጅሽ የዞረበት መንገድ ነው።

ቢጫውን ለማስለቀቅ ላርጎ በለብ ያለ ውሃ በጥብጠሽ ቀቢውና አሥር ደቂቃ ተይው። ካልለቀቀ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ ለውሰሽ በለስላሳ ጨርቅ ሳትጫኚ እሺው። ሳትጫኚ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቤኪንግ ሶዳም በጉልበት ከታሸ ይጭራል። ማንኛውንም ነገር ደግሞ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪው። ሽቦውን ለድስቱ መልሺለት።

ከአዳማ፦ ቧንቧው ሥር ነጭ፣ ድንጋይ የመሰለ ነገር ጋግሮበታል።

ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ይበዛል። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለህ ጨርቅ ንከር፣ ነጩ ላይ አልብሰው፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተህ በደንብ እጠበው። ካልለቀቀ በነጋታው ድገመው እንጂ አቼቶውን አታሳድርበት። በቢላም አትፋቀው። በረኪና የነካው ባኞ ላይ ደግሞ አቼቶ እንዳታፈስ። ለምን እንዳልኩ የሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ይመጣል።

ከኩዌት፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም ክሎሮክስና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅለሽ ባኞውን እጠቢ ትለኛለች። ሲቀላቀል አረፋ ያወጣል፣ ዓይኔንና ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል፣ ግን ነጭ ያደርገዋል። ማስክ ባደርግ ይበቃል?

አይበቃም ልጄ። አሁኑኑ አቁሚ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡኝ፣ አዘጋጁም አያቋርጡኝ።

ክሎሮክስ የምትዪው አገር ቤት በረኪና የምንለው ነው። አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆቹ 1915፣ ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ ወታደር የፈጁበት ጋዝ ይኸው ነው። መጠኑ ይለያያል እንጂ ጋዙ ያው ነው። ሌላም ነገር አለ። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ በንኖ አይሄድልሽም። ባኞው ውስጥ ይተኛል። አንቺ ደግሞ ባኞ የምታጥቢው ጎንበስ ብለሽ፣ ራስሽን ወደ ውስጥ አስገብተሽ ነው። መስኮት የሌለው ጠባብ መታጠቢያ ቤት ከሆነ ደግሞ አስቢው። አፍንጫ ላይ የሚደረገው ማስክ አቧራ ያግድ ይሆናል፣ ጋዝ ግን አያግድም።

«ነጭ ያደርገዋል» ላልሽው ደግሞ፣ ሲቀላቀሉ አንዱ ሌላውን ነው የሚያባክነው። ማጽዳት የነበረበት በረኪና ጋዝ ሆኖ ሳንባሽ ውስጥ ይገባል። አረፋውና ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ የሠራ ይመስላል እንጂ ለየብቻቸው ይሻላሉ።

አገር ቤት ያላችሁም «ይሄ የዐረብ አገር ጉዳይ ነው» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እዚህም በረኪናና ከሴራሚክ ላይ ሲሚንቶ የሚያስለቅቀውን አሲድ አንድ ባልዲ ውስጥ የሚገለብጥ ሞልቷል። አቼቶም አሲድ ነው። ሎሚም አሲድ ነው። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ከበረኪና ጋር ሌላ መርዝ ይፈጥራል። አልኮልና አሴቶንም ከበረኪና ጋር አይገናኙም። ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ትጠቀማላችሁ፣ በብዙ ውሃ ታጥባላችሁ፣ ሌላው ለሌላ ቀን ይሁን። መቃብሬ ላይም ይጻፍልኝ።

ለማዳም እንዴት ትነግሪያታለሽ? ክርክር ውስጥ አትግቢ። የጠርሙሱን ጀርባ አሳያት። እዚያ አገር በሚሸጠው በአብዛኛው ላይ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳይቀላቀል በዐረብኛ ተጽፏል። ራሷ ታንብበው። ቤቷ ውስጥ ልጆች ካሉ ጋዙ ለእነሱም እንደሚደርስ ንገሪያት፤ ቶሎ ትሰማሻለች።

ሳታውቁ ከቀላቀላችሁ ደግሞ ልድፋው፣ ልጠበው ብላችሁ እዚያ አትቁሙ። ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ውጡ፣ በሩን ዝጉ፣ ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። ዓይን ከነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። ሳል ካልተወ፣ ደረት ከጨመደደ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ቤት። «ተኝቼ ይለቀኛል» አይባልም፤ ሳንባ ላይ ያለው ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። አስም ያለበት ሰው ከሆነ ጭራሽ አትጠብቁ። አገር ቤት የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ወተት የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ፤ አውቃለሁ። ወተት ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። ጋዙ ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ወተቱን ለቡናችሁ አስቀምጡት።

ከባሕር ዳር፦ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባኞው ውስጥ እናጠራቅማለን። ውሃው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቡናማ መስመር ሠራ። በረኪና ባደርግበት ይባሱን ጠቆረ።

ይጠቁራል እንጂ! ዝገት ነዋ። ከአሮጌ ቧንቧ ወይም ከበርሜል የመጣ ብረት ነው። በረኪና ዝገትን አያስለቅቅም፣ እንዲያውም ያጸናዋል። አሁን በረኪናውን በብዙ ውሃ አጥበው አስለቅቁ። ዛሬ ሌላ ነገር አትንኩ። ነገ የሎሚ ጭማቂ በጨርቅ ነክራችሁ መስመሩ ላይ አሥር ደቂቃ አልብሱና እጠቡ። አንድ ቀን ላይለቅ ይችላል፣ ደጋግሙት። ጨው አትጨምሩበት፣ ይጭራል። ሽቦም አልኩ እንዴ? አላልኩም።

ከእድፉ በላይ ያሳሰበኝ ግን ውሃው ነው። ቤት ውስጥ የሚድህ ወይም ገና መሄድ የጀመረ ልጅ አለ? ካለ ባኞ ውስጥ ውሃ አይጠራቀምም። ሕፃን አምስት ሴንቲሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል፣ ያውም ድምፅ ሳያሰማ። ክዳን ያለው በርሜል ወይም ሮቶ ግዙ። በረኪናውንም በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጣችሁ አታስቀምጡ። ልጁ የሚያውቀው ሃይላንድ ውስጥ ውሃ እንዳለ ነው። ከጠጣ ደግሞ አታስመልሱት። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የተከራየሁት አፓርታማ ባኞ ላይ የፀጉር ቀለም ፈሰሰብኝ። ልለቅ ነው፤ ዲፖዚቴን እንዳይቆርጡብኝ። አሴቶን ላድርግበት?

አሴቶን ካደረግሽበት ቀለሙ ይለቃል፣ ባኞውም አብሮ ይለቃል። አሴቶን አክሪሊክን ያሟሟዋል። ያኔ ዲፖዚትሽን ብቻ ሳይሆን ባኞውንም ትከፍያለሽ።

ፋርማሲ ሄደሽ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ግዢ። ጥግ ላይ ከሞከርሽ በኋላ ጨርቅ ነክረሽ ቀለሙ ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ አልብሺው፤ ከዚያ እጠቢ። ለብቻው ነው፤ ከአቼቶም ከበረኪናም ጋር አይገናኝም። ሂናና እንሶስላ የምታደርጉም እንደዚሁ። የሁሉም መድኃኒት ግን ፍጥነት ነው። በፈሰሰ ሰዓት በላርጎ ቢታጠብ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር።

ከቦሌ፦ እኔ እኮ አሴቶኑን ቀድሜ አፍስሼበታለሁ። ቦታው ፈዘዘ።

አትሺው። ሲለሰልስ ካሸሽው ጉዳቱን ታሰፊዋለሽ። በብዙ ውሃ አለቅልቂና ተይው። የፈዘዘውን በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት ለዝበው በፖሊሽ የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ባለሙያ ጥሪ።

ከጎንደር፦ በእኛ ጊዜ ቅባት የሚለቀው በላምባ ነበር። ምን አለበት?

ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ ባኞው ብረት ነበር። ላምባ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭሱ ራስ ያዞራል፣ እሳት ያስነሳል፣ የታጠበው ባኞ ደግሞ ያንሸራትታል። ላርጎ ይግዙ፣ እባክዎ።

ከመገናኛ፦ ባኞውና ግድግዳው የሚገናኙበት ነጭ ማስቲሽ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ምንም ባደርግ አይለቅም።

ሻጋታ ነው፣ ሲሊኮኑ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በኋላ መፈተግ ድካም ነው። አሮጌው ሲሊኮን ተነቅሎ፣ ቦታው ደርቆ፣ አዲስ ይሞላ። ከዚያ ስትታጠቡ በሩን ከፈት አድርጉ፣ እርጥበቱ ይውጣ።

ከለገጣፎ፦ መብራት ሲጠፋ ባኞው ጠርዝ ላይ ሻማ አቁሜ ረሳሁት። ቡናማ ሆኖ ጎድጎድ አለ።

ይህ እድፍ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው። አክሪሊክ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ የሻማ እሳት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። በማጠብ አይመለስም። የሚሞላና የሚለዘብ ነገር ስለሆነ ባለሙያ ይየው። ለሚቀጥለው ባትሪ ግዛ።

ከሀዋሳ፦ የባኞው ፍሳሽ ሲደፈን ኮስቲክ ሶዳ እጨምራለሁ። ችግር አለው?

አለው። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ባኞውንም ይጎዳል። ፀጉር ነው የደፈነው፤ ጓንት አድርገሽ ማጥለያውን ንቀይና አውጪው። በረኪና ጨምረሽበት ከነበረ ደግሞ ሌላ ኬሚካል አትጨምሪ። አንድ ነገር፣ ከዚያ ውሃ። ካልሆነ ቧንቧ ሠራተኛ ጥሪ።

ከደብረ ብርሃን፦ መሀሉ ላይ ፀጉር የሚያህል መስመር አለ። እድፍ መስሎኝ ስፈትገው ነበር። ስቆምበት ሲጥ ይላል።

መፈተግ አቁም፣ መታጠብም አቁም። ተሰንጥቋል። ውሃው በሥር በኩል እየገባ ወለሉን ሊጎዳና ወደ ታችኛው ጎረቤት ሊወርድ ይችላል። ዛሬውኑ የሳኒተሪ ባለሙያ ጥራ። በምን ነበር የፈተግከው? አይ፣ ተወው፣ አትንገረኝ።